ሳይደፈርስ አይጠራም?

ነገሩን የጀመረው አንድ ጥያቄ ነው። ከመካከላችን የአንዱ የአክስት ልጅ ውጭ ሀገር ይኖራል። እዚያ ያለ ሰው ብርዱ ሲበረታበት ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ይሸሻል፤ ልጁም ሄዶ ስኩባ ዳይቪንግ ተምሮ ተመለሰ። (ስኩባ ማለት ያው የታመቀ አየር በጀርባ ተሸክሞ፣ ውሃ ውስጥ እየተነፈሱ መጥለቅ ነው።) ታዲያ ይሄ ልጅ ለፋሲካ መጥቶ ቡና እየጠጣን ሳለ እንዲህ አለን፦ «እናንተ ተራራ ላይ የተቀመጣችሁ ሰዎች! የጠራ የተራራ ሐይቅ የት ነው ያላችሁ? በሚቀጥለው ዓመት መሣሪያዬን ይዤ ልምጣ?»

አንዱ ቶሎ ብሎ «ጣና አለ አይደል!» አለ። ሌላው ሳቀበት። «ጣና ውስጥ ጠልቆ ምን ሊያይ ነው? የራሱን እጅ?» ሦስተኛው ወንጪን ጠራ፤ አራተኛዋ ዘንገናን። አንዱ ዝምተኛ ጓደኛችን ደግሞ «ሐይቅን ረሳችሁት» አለ። ቡናው በረካ ላይ ደርሶ እንኳ ክርክሩ አልበረደም። እንግዳው ሄደ፤ ጥያቄው ግን እኛው ዘንድ ቀረ። መጽሐፍና ጥናት ማገላበጥ ጀመርን። እናም እናንተዬ፣ የሚጠለቅበት ውሃ ስንፈልግ ያገኘነው ሌላ ነገር ሆነ፦ የአፈራችንን ታሪክ። (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጠቅሰው፤ ታሪኩ ውስጥ ፈረንጅ ስለበዛበት ይቅር በሉን።)

ከወንዛዬ እንነሳ። ደቡብ ጎንደርን የሚያውቅ ሰው ወንዛዬን አያጣትም። ደራ ወረዳ ውስጥ፣ ጉማራ ወንዝ አጠገብ ያለች ፍል ውሃ ናት። ወገቡን ያመመው፣ ቆዳው የተነካ፣ መገጣጠሚያው የያዘው ሁሉ ከቅርብም ከሩቅም ይመጣባታል። ከመሬት ሥር የሚወጣው ውሃ የጠራ ነው። እዚያው አጠገቡ የሚያልፈው ጉማራ ግን በሐምሌና በነሐሴ ማኪያቶ ይመስላል። ሁለቱም የሰማይ ውሃ ናቸው፤ ሁለቱም የወረዱት በአንድ አገር ላይ ነው። ልዩነቱ የመጡበት መንገድ ነው። አንዱ በድንጋይ ውስጥ አልፎ መጣ፤ ሌላው በእርሻ ላይ።

ይህችን ነገር ያዙልን፤ መጨረሻ ላይ እንመለስባታለን።

የቄሱ ሳህን

በጀርባ አየር ተሸክሞ በነፃነት መጥለቅ ብዙ ዕድሜ የለውም። ፈረንሳዮቹ ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን ዛሬም ድረስ የምንጠቀምበትን የመተንፈሻ መሣሪያ ዓይነት የሠሩት በ1943 ነው፤ ያውም ሀገራቸው በጀርመን ጦር ተይዛ። ከዚያ በፊት ጠላቂ ማለት ባመዛኙ ወይ ትንፋሹን ይዞ የሚወርድ፣ ወይ ደግሞ ከላይ በቱቦ አየር እየተነፋለት የብረት ቆብ ደፍቶ የሚሄድ ሰው ነበር።

የውሃን ጥራት መለካት ግን ከዚያ ይቀድማል። በ1865 አንጄሎ ሴኪ የሚባል ጣሊያናዊ ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ፣ በሮማው ጳጳስ መርከብ ተሳፍሮ ሜዲትራንያን ባሕር ላይ አንድ ነገር ሞከረ። ነጭ ክብ ሳህን በገመድ አስሮ ውሃ ውስጥ ለቀቀው። ሳህኑ ከዓይን የሚጠፋበትን ጥልቀት መዘገበ። አለቀ! ጥበቡ ይኸው ነው። ባትሪ አይፈልግም፣ ኔትወርክ አይፈልግም። ከ160 ዓመት በኋላ ዛሬም የሐይቅ ተመራማሪ ሁሉ ይህንኑ ሳህን በቦርሳው ይዞ ይዞራል፤ ስሙም በቄሱ ስም «የሴኪ ሳህን» ተብሎ ቀረ።

ለጠላቂ ይህ ልኬት ዋና ጉዳይ ነው። ሳህኑ አንድ ሜትር ላይ የሚጠፋ ከሆነ ጠላቂው ጓደኛውን ከጎኑ ያጣዋል። ዘጠኝ አሥር ሜትር ድረስ የሚታይ ከሆነ ግን ጨዋታው ሌላ ነው። እኛም እንግዲህ ሐይቆቻችንን በዚህ በቄሱ ሳህን ልንመዝናቸው ተነሳን። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ባሕር የሌለን ሰዎች ነንና፣ የቀረን ሐይቅ ነው።

ጣና፦ ሁሉም የለካው፣ ማንም ያልጠየቀው

ከጣና ብንጀምር ወግ ነው። ሴኪ ሳህኑን በለቀቀ በዓመቱ፣ በ1866፣ አጼ ቴዎድሮስ ጣና ዳር ነበሩ። ንጉሡ መቼም ለመሣሪያ ያላቸውን ፍቅር የደብረ ታቦር ልጅ ሳይነግሩት ያውቀዋል። ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ያስፈለሰፉ ሰው፣ ሐይቁንም ዝም ብለው አላዩትም። በእጃቸው የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በመጽሐፉ እንደተረከው፣ ከደንገል ትልልቅ ጀልባ አሠርተው፣ በግራና በቀኝ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር አስገጥመው ሞክረዋል። እንፋሎት የሌለው «የእንፋሎት መርከብ» በሉት። ከውሃው ሥር ምን አለ የሚለው ጥያቄ ገና አልመጣም።

ከእሳቸው በፊትም በኋላም ጣናን ያዩ ፈረንጆች ቁጥር ስፍር የለውም። ጀምስ ብሩስ በ1770 የአባይን ምንጭ ፍለጋ በዚህ አልፏል። በ1902 እንግሊዞች ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ውል ሲፈራረሙ፣ ያለ እነሱ ስምምነት በአባይና በጣና ላይ ውሃ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ አስጻፉ። በ1920 እና 1921 የእንግሊዝ አጥኚዎች መጥተው የሐይቁን ውሃ ለኩ። በ1930 ደግሞ በንጉሡ መንግሥት ጥያቄ ጄ. ጂ. ዋይት የተባለ የኒው ዮርክ የምህንድስና ኩባንያ ለግድብ ጥናት መጣ። ምዕራብ ጎጃምንና ጣናን በበቅሎና በታንኳ ሲዞር የኖረው የእንግሊዝ ቆንስል ቺዝማን፣ ስለ ጣናና ስለ አባይ የጻፈውን መጽሐፍ በ1936 አሳተመ። በ1937 በወረራው ዘመን፣ ጆቶ ዳይኔሊ የሚመራው የጣሊያን አካዳሚ ቡድን ሐይቁን ከዓሣው እስከ ዕፅዋቱ መረመረ።

ይህን ሁሉ ስናነብ አንድ ነገር ገረመን። ከሞላ ጎደል ሁሉም የጠየቁት «ስንት ነው?» ብለው ነው። ስንት ሜትር ኩብ ይወጣል፣ ስንት ይታጠራል፣ ስንት ካይሮ ይደርሳል። «ምን ያህል ጠርቷል?» የሚለው ጥያቄ ቢነሳም የኅዳግ ማስታወሻ ሆኖ ነው። ምክንያቱም የውሃው ብዛት የታችኛው ሀገር ጉዳይ ነው፤ የውሃው ጥራት ግን የላይኛው ሀገር ጉዳይ ነው። የታችኛው ሀገር ተጨነቀ፤ የላይኛው እኛ ነን።

ለመሆኑ ጣና በሳህኑ ሲመዘን ስንት ያመጣል? ሳህኑ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሜትር ሳይደርስ ይጠፋል። በክረምት፣ ወንዞቹ በሚገቡበት ወገን፣ አንድ ሜትርም አይሞላ። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ ቢሆንም በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊ ሳህን ላይ የተደፋ ሾርባ እንደማለት ነው። ነፋስ ሲነሳ ከሥር ያለው ደለል ተማስሎ ይወጣል። ባለ ሳህኑ ጓደኛችን ትክክል ነበር፤ እንግዳችን ጣና ቢጠልቅ የሚያየው የራሱን እጅ ነው፤ ያውም ከቀናው።

ደለሉ ከየት መጣ? ከቤታችን። ጣናን ከሚመግቡት አራት ትልልቅ ወንዞች፣ ከግልገል አባይ፣ ከመገጭ፣ ከርብና ከጉማራ፣ ሁለቱ የጉና ልጆች ናቸው። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከደብረ ታቦር በላይ የቆመው ተራራችን ነው። ገብሱና ድንቹ በቁልቁለቱ ላይ ወደ ላይ ወደ ላይ ሲታረስ ኖሯል። ክረምት በመጣ ቁጥር ርብና ጉማራ ያንን አፈር ተሸክመው ፎገራ ሜዳ ላይ ይዘረጉታል፤ የተረፈውን ጣና ውስጥ ይጥሉታል። «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚባለው ተረት፣ ስለ ግንድ ብቻ ሳይሆን ስለ ማሳም ነው።

ግን ፍርዳችንን አናጣድፍ። ያ አፈር ለፋርጣ ገበሬ ኪሳራ ነው፤ ለፎገራ ገበሬ ደግሞ የሩዝ ማሳ ነው። ድፍርስ ማለትም የሞተ ማለት አይደለም። ጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ፣ ከአንድ ዘር የተራቡ 15 ገደማ የዓሣ ዝርያዎች ይኖራሉ። የታንኳው ደንገል የሚበቅለውም በዚሁ ጭቃ ላይ ነው።

ደንገላችን ከቲቲካካ ሲገናኝ

ስለ ደንገል ካነሳን ዘንድ አንድ ወሬ እናውጋችሁ።

የመተንፈሻ መሣሪያውን የሠራው ያ ኩስቶ በ1968 ወደ ደቡብ አሜሪካ ሄደ። ያመራው በፔሩና በቦሊቪያ መካከል ወደሚገኘው፣ ከባሕር ወለል 3,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለው ወደ ቲቲካካ ሐይቅ ነው። ኢንካዎች ሐይቁ ውስጥ ወርቅ ጥለዋል የሚል አፈ ታሪክ አለ። ኩስቶ ትንንሽ ሰርጓጅ መርከቦቹን ተራራ ላይ አውጥቶ ፈለገ። ወርቁን አላገኘም፤ ያገኘው ከሐይቁ ወለል የማይወጣ የእንቁራሪት መዓት ነው። ቢሆንም በተራራ ሐይቅ መጥለቅ ዓለም ከዚያ ወዲህ የሚያወራው ነገር ሆነ።

በዓመቱ፣ በ1969፣ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ ነበር ብሎ ተነሳ። ደንገሉን ከየት ያምጣ? ከጣና! የጣና ደንገል ግብጽ ድረስ ተጭኖ ሄዶ፣ ፒራሚዶቹ ሥር ከቻድ ሐይቅ በመጡ ሠሪዎች «ራ» የተባለችው ጀልባ ተሠራች። እሷ መንገድ ላይ ተፈታች። በ1970 ሁለተኛዋን «ራ» የሠሩት ደግሞ ከቲቲካካ የመጡ የአይማራ ሰዎች ናቸው፤ ደንገሉ አሁንም የእኛው። ይህቺኛዋ ከሞሮኮ ተነስታ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች።

እስኪ አስቡት። የጠራው የተራራ ሐይቅ እጅ፣ የድፍርሱ የተራራ ሐይቅ ደንገል፣ አንድ ላይ ውቅያኖስ ተሻገሩ። እኛ ትምህርት ቤት ይህን አልተማርንም።

ነገሩ እዚህ አያበቃም። ከብዙ ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች የጣናን ወለል ሰርስረው ደለሉን አውጥተው አነበቡት፤ ውጤቱም በ2007 ታተመ። ጣና በአንድ ወቅት ደርቆ ነበር! ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ፣ ዛሬ ጥልቁ በሆነው የሐይቁ መሐል ላይ የደንገል ረግረግ ነበር። ውሃው ሞልቶ ወደ አባይ መፍሰስ የጀመረው ከ14,750 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ስለዚህ ደለል ጠላታችን ብቻ አይደለም፤ መዝገባችንም ነው። አዲሱ ጥያቄ እኛ በዘመናችን ምን እየጻፍንበት ነው የሚለው ነው።

ሐይቅ የሚባለው ሐይቅ

አሁን ወደዚያ ዝምተኛ ጓደኛችን እንመለስ። «ሐይቅን ረሳችሁት» ያለው እውነቱን ነው።

ደቡብ ወሎ፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ስሙም ሐይቅ፣ እሱም ሐይቅ የሆነ ሐይቅ አለ። ከባሕር ወለል ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣና ውስጥ ቢገባ ይጠፋል። ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር ይበልጣል። ትልቅ ወንዝ አይገባበትም። ለጥራት የሚያስፈልገው ይኸው ነው፦ ትንሽ ተፋሰስ፣ ጥልቅ ጉድጓድ። የገባው ደለል ታች ወርዶ ይተኛል፤ ነፋስም አይደርስበትም።

ታሪኩም ጥልቅ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1248 ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ መጥተው ትምህርት ቤት እንዳቆሙ ገድላቸው ይናገራል። ብዙ የገዳም መሥራቾች፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ጭምር፣ የተማሩት እዚያ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት፣ በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተጻፈው የአራቱ ወንጌላት ብራና፣ ዘመናቸው ከታወቁ ጥንታዊ የግዕዝ መጻሕፍት አንዱ ነው። ገዳሙ ያኔ ደሴት ላይ ነበር። በ1530ዎቹ መጀመሪያ የኢማም አሕመድ ጦር ሲደርስ ውሃው አገደው፤ ዜና መዋዕሉን የጻፈው አረብ ፈቂህ፣ ለመሻገሪያ የሚሆን ተንሳፋፊ እንደተሠራ ይተርካል። ዛሬ ግን እስጢፋኖስ በእግር ይገባል። ደሴቱ ከየብስ ጋር ተያይዟል።

የውሃው ጥራትስ? በጣሊያን ወረራ ዘመን አካባቢ የመጡ ተመራማሪዎች ሳህኑን ሲለቁ እስከ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ታያቸው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የመጡት ባክስተርና ጎሎቢችም ውሃው በጣም ጥርት ያለ መሆኑን መሰከሩ። ዘጠኝ ሜትር! ቡና ላይ ስንከራከርበት የነበረው የጠራ የተራራ ሐይቅ ይኸው ነበር። እንግዳችን በአባቱ ዘመን መጥቶ ቢሆን ኖሮ መልሱ ዝግጁ ነበር።

ከዚያ 1978 መጣ። ለምግብና ለሥራ ተብሎ ቆሮሶ ሐይቁ ውስጥ ተጨመረ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። በ1973 ረሃብ ብዙ ሰው ያለቀበት ወሎ ነው፤ ዓሣ ማለት ያን ጊዜ ሕይወት ማለት ነው። ዓሣውም ተራባ፤ መረብ ጥለው ልጅ ያሳደጉ ሰዎችም አሉ። ነገር ግን ሐይቁ ተለወጠ። ኤልሳቤጥ ከበደ፣ ጌታቸው ተፈራ፣ ዝናቡ ገብረ ማርያምና ባልደረባቸው በ1992 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ነው የሚናገረው፤ ቀድሞ ምግብ ያነሰውና ጥርት ያለው ውሃ በአልጌ ተሞልቶ አረንጓዴ ሆኗል። ሳህኑ የሚታየው እስከ አንድና ሁለት ሜትር ያህል ብቻ ሆነ።

እንዴት አንድ ዓሣ ሐይቅ ያደፈርሳል? ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ ውስጥ አልጌ እየጋጡ የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት አሉ፤ የሐይቅ በጎች በሏቸው። ዓሣው፣ በተለይ ግልገሉ፣ ትልልቆቹን «በጎች» እየለቀመ ይበላል። በጎቹ ሲያልቁ ሣሩ ያብባል፤ ውሃውም አረንጓዴ ይሆናል። ከዙሪያው ማሳ እየታጠበ የሚገባው አፈርና ፍግ ደግሞ ለአልጌው ቀለብ ይሆናል። ጣናን ያደፈረሰው ደለል ነው፤ ሐይቅን ያደፈረሰው ሕይወት ነው። ሁለቱም ግን መነሻቸው ሐይቁ ውስጥ ሳይሆን ከሐይቁ ውጭ፣ በሰው እጅ ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው በ14 ዓመት ውስጥ ነው። ሰባት መቶ ዓመት የመነኮሳት ጸሎት የተሰማበት ውሃ፣ አንድ ልጅ ተወልዶ ስምንተኛ ክፍል በሚደርስበት ጊዜ መልኩን ለወጠ። ስንቶቻችን ሰማን? ፎቶው ሰማያዊ ሆኖ ስለሚወጣ ማን ልብ ይላል!

የቀሩትስ?

ተስፋ አትቁረጡ፤ የጠራ ውሃ ጨርሶ አላለቀም። አገው ምድር፣ እንጅባራ አጠገብ ያለው ዘንገና፣ እሳተ ገሞራ የፈለፈለው ክብ ጉድጓድ ነው፤ ዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጥልቀቱ ከመቶ ሜትር በላይ ነው። ወንጪም ከአምቦና ከወሊሶ መካከል በተራራ አፍ ውስጥ ተቀምጧል፤ ከሀገራችን የጠሩ ሐይቆች አንዱ ነው። በ2021 የወንጪ መንደር በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። ሁለቱም የሚመሳሰሉበት ነገር አለ፦ ጥልቅ ናቸው፣ ተፋሰሳቸው የጉድጓዱ ከንፈር ብቻ ነው። ከንፈሩ እስካልታረሰ ድረስ የሚያደፈርሳቸው ነገር ጥቂት ነው።

የአልፕስ ተራሮችን ዓይነት፣ በረዶ ከዓለት የፈለፈለው ሐይቅ ደግሞ የሚገኘው ባሌ ነው፤ ጋርባ ጉራቻ፣ 3,950 ሜትር ላይ። ጉናችን ከፍታው አለው፤ እንዲህ ያለ ሐይቅ ግን አልደረሰውም።

ግን ለጠላቂ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። የመጥለቂያ ሰንጠረዦች በአብዛኛው የተሠሩት ለባሕር ዳር ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሐይቅ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳሩ አራት አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ባሕር ላይ አሥር ሜትር የወረደ ሰው ግፊቱ እጥፍ ይሆንበታል፤ ሐይቅ ላይ ግን ከእጥፍም ያልፋል። ሲወጣ ደሙ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን፣ ቆርኪው ቶሎ እንደተከፈተ ለስላሳ ይፈላል። ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ መጥለቅ የራሱ ትምህርትና የራሱ ስሌት ያለውም ለዚህ ነው። ይባስ ብሎ ከሐይቅ ወጥቶ ያኑ ዕለት ወደ ደሴ መንዳት፣ ወይም ከወንጪ ጉድጓድ በፈረስ ወደ ከንፈሩ መውጣት፣ ተጨማሪ ከፍታ ነው። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይሉ የለ? ደጋ ላይ ደግሞ ካወጣህ በኋላም ሊያሳስቅህ ይችላል። ስለዚህ ለአክስት ልጅ ያልነው ይህንን ነው፦ ትምህርቱን ሳትማር፣ የአካባቢውን ሰውና ገዳሙን ሳታስፈቅድ፣ መንገዱም ሰላም ሳይሆን እንዳትሞክረው።

ወደ ወንዛዬ

መቼም እንዲህ ተብሎ ሲጻፍ መጨረሻው «መንግሥት ትኩረት ይስጠው» ነው። እሱን ለዜናው እንተወው።

እኛ ያገኘነው ይህን ነው፦ የሐይቅ ጥራት የሐይቁ ጠባይ አይደለም፤ የዙሪያው ምድር ደብዳቤ ነው። ጣና ላይ የምናነበው ጉናን ነው። ጉና ላይ እርከን ሲሠራ፣ ከብት ከቁልቁለቱ ሲከለል፣ ሳሩ ሲመለስ፣ ዝናቡ መንገዱን ይቀይራል። በማሳ ላይ ከመሮጥ ይልቅ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ማለትም ጉማራ ጥቂት በጥቂት ወንዛዬን መምሰል ይጀምራል። ጣና ጥልቀት የለውምና ቲቲካካ አይሆንም፤ አይጠበቅበትምም። ግን የፋርጣ ገበሬ ማሳ ፋርጣ ቢቀር ለማን ይከፋል?

ሐይቅ ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረን። ያ ሐይቅ መድፈረሱን ያወቅነው ቀድሞ የለካው ሰው ስለነበረ ብቻ ነው። አንድ ቁጥር፣ ዘጠኝ ሜትር፣ በወረቀት ላይ ስለቀረ። ዘንገናንና ወንጪን የመሳሰሉት ዛሬ ጥርት ብለው ሳሉ በየዓመቱ የሚለካቸው ከሌለ፣ የደፈረሱ ቀን «ድሮም እንዲህ ነበር» እንባባላለን። ነጭ ሳህን፣ ሜትሩ በቋጠሮ የተለየ ገመድና ድንጋይ የትኛውም ትምህርት ቤት ሊገዛው የሚችል ነገር ነው። የሳይንስ ክበብ ያላችሁ፣ ሐይቅ አጠገብ ያላችሁ፣ ታንኳ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሞክሩት። ቀኑንና ቁጥሩን ጻፉ፤ በዓመቱ ድገሙት። እስከዛሬ የመጣው ሁሉ «ስንት?» ብሎ ለክቶልናል። «ምን ያህል ጠራ?» የሚለው ጥያቄ የእኛ ይሁን።

«ሳይደፈርስ አይጠራም» ይላሉ አበው። እውነት ነው፤ ግን ተረቱ የተነገረው ውሃው ለቀቅ ሲደረግ ነው። ማማሰሉን ካላቆሙ የደፈረሰው እንደደፈረሰ ይቀራል።

የአክስት ልጅ በስልክ «እና የት ልጥለቅ?» ብሎ ጠየቀን። «መጀመሪያ ና፤ ወንዛዬ እንወስድሃለን» አልነው። ጥልቀት የላትም፤ ግን ከጎኗ ጉማራ አለ። ሁለቱን ውሃዎች ጎን ለጎን አይቶ ቢሄድ፣ ሌላውን እንነግረዋለን።

ቸር ይግጠመን።